«ሰነፍ» ከማለታችን በፊት



ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ ዙሪያ ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩት በአንድነት ጮክ ብለው ነው። ጫጫታው ግን ብዙ ይሸፍናል። ዓይኑ የደከመ ልጅ ከጓደኞቹ እየሰማ ሱራውን በቃሉ ይይዛል፤ ለውሑን አንብብ ሲባል ይጠፋዋል። ጆሮው የከበደው ደግሞ ፊደሉን ያውቃል፤ ድምፁ ግን ከሌሎቹ ይዘገያል፣ ዓይኑም ከኡስታዙ ከንፈር አይነሳም። ሁለቱም «ሰነፍ» ተብለው አለንጋ ይቀምሳሉ። ስለዚህ እኔ እያንዳንዱን ለብቻው አስቀራለሁ፤ አንዳንዴም ከጀርባው ቆሜ በዝግታ እጠራዋለሁ።

በመንግሥት ትምህርት ቤትም ነገሩ የሚጀምረው ከመምህሩ ዓይን ነው። መምህሩ ያየውን ይመዘግባል፣ ወላጅ ይጠይቃል፣ ልጁም ሐኪም እንዲያየው ይደረጋል፤ ድጋፉ ከዚያ ይከተላል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። እንግዲህ «ልጄን መዝግቡልኝ» ማለት ልመና አይደለም። እርግጥ ብሬልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በገጠር ጥቂት ነው። የፊት ወንበር ግን ምን ገንዘብ ይጠይቃል?

ከሁሉ የሚከፋው ልጁን እንግዳ እንዳያየው ጓዳ ማስቀመጥ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር ነበሩ፤ የሱረቱ ዐበሰ መጀመሪያ በእርሳቸው ምክንያት ወረደ፤ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚኖችም አንዱ ነበሩ።

ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ፣ በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ፣ ጆሮው መግል ይዞ ያውቅ እንደሆነ፣ መጽሐፍ ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያይ ለመምህሩ ይንገሩ። መምህሩ ይህን በአርባ ደቂቃ፣ ከስልሳ ልጅ መሃል አያገኘውም።