በአንድ ሲኒማ ላይ የተሰጠ ሁለት ፍርድ

ሰው በዐይኑ ያየውን ነገር እውነት ነው ብሎ ለመቀበል ይፈጥናል። በጽሑፍ የቀረበለትን መርምሮና ተጠራጥሮ የሚቀበል ዐዋቂ እንኳ ሥዕል ሲንቀሳቀስና ሲናገር ባየ ጊዜ፤ ምስክር እንደ ሰማ ዳኛ ልቡ ይረታል። ስለዚህ ሲኒማ የሚሠራ ሰው ተረት ነጋሪ ብቻ አይደለም፤ ሳይጠራ የመጣ ምስክርም ነው እንጂ። ምስክር ደግሞ ስለ ተናገረው ብቻ ሳይሆን ስለ ተወውም ነገር ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በኒው ዮርክ ከተማ፤ በብሮንክስ ክፍል፤ ስለ አንድ ሲኒማ የተነሣው ክርክር ያስረዳል።

ሲኒማው «ፎርት አፓቺ፤ ዘ ብሮንክስ» ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ያዘጋጀው ዳንኤል ፔትሪ ነው፤ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተውም ስመ ጥሩው ፖል ኒውማን ነው። ታሪኩ በደቡብ ብሮንክስ በሲምፕሰን መንገድ ላይ ስለ ነበረው ስለ 41ኛው የፖሊስ ጣቢያ ይናገራል። ፎርት አፓቺ የሚለውን ስም ያወጡለት ፖሊሶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ይኸውም የአሜሪካ ጦር ከአፓቺ ሕዝብ ጋራ ሲዋጋ በአሪዞና ምድር የነበረው ምሽግ ስም ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ፍርድ ያዘለ ነበር፤ ጣቢያው ምሽግ ከተባለ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ጠላት ተባለ ማለት ነውና።

ታሪኩ ሲጀምር ሁለት ወጣት ፖሊሶች በመኪናቸው ውስጥ ሳሉ አንዲት በአደንዛዥ መድኀኒት አእምሮዋ የጠፋ ሴት ተኩሳ ትገድላቸዋለች። አዲሱ የጣቢያ አለቃ ገዳዩን አገኛለሁ ብሎ የሰፈሩን ሰው በጅምላ ያስይዛል፤ ሕዝቡም ተቈጥቶ ሁከት ይነሣል። በዚያ ሁከት መካከል አንድ ፖሊስ አንዱን ብላቴና ከፎቅ ጣሪያ ላይ ወርውሮ ይገድለዋል። መርፊ የተባለው አሮጌ ፖሊስ ይህን በዐይኑ ያያል። የሥራ ባልንጀራን አሳልፎ መስጠት በፖሊሶች ዘንድ ነውር ነውና መናገርና ዝም ማለት በልቡ ሲሟገቱ ይቈያሉ፤ በመጨረሻው ግን ይናገራል። ያችን ገዳይ ሴት ደግሞ መድኀኒት ሻጮች ገድለው ይጥሏታል። ስለ እርሷ ሰፈር ሙሉ ሰው ሲታሰር ሲንገላታ፤ ፖሊሶቹ ማንነቷን ሳያውቁ ታሪኩ ያልቃል።

ሲኒማውን ያመሰገኑት ተመልካቾች ዋና ነገሩ የኅሊና ክርክር ነው አሉ። የፖሊስን ኀጢአት ሳይሸፍን አሳይቷል፤ ዝምታም የግፍ ተካፋይ መሆኑን አስተምሯል ብለው ፈረዱለት። ፖል ኒውማንም ሲኒማው በሁሉ ላይ የጠነከረ መሆኑንና ብላቴናውን የገደለው ነጭ ፖሊስ መሆኑን እየጠቀሰ ተከራከረ። አዘጋጁም ቢሆን በ1961 ዓ.ም. ስለ አንድ ጥቁር ቤተሰብ ክብርና ችግር የሚናገር ሲኒማ የሠራ ሰው ነበረና፤ ጥቁሮችን በመናቅ የሚጠረጠር አልነበረም።

የሰፈሩ ሰዎች ግን የፈረዱት ሌላ ፍርድ ነው። ገና በ1980 ዓ.ም. ሥዕሉ ሲነሣ ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ማኅበር አቁመው በአደባባይ ተቃወሙ። እነርሱም በሰፈራችን ወንጀል የለም አላሉም፤ ከእኛ ወገን የሚታየው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ፤ ሌባና መድኀኒት ሻጭ ለምን ሆነ ብለው ጠየቁ እንጂ። መርፊ የወደዳት የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ አስታማሚ እንኳ በቅን ሥራ የምትኖር ስትሆን፤ የመድኀኒት ሱሰኛ ሆና በዚያው ስትሞት ትታያለች። ሠሪዎቹም በሲኒማው መክፈቻ ላይ፤ ታሪኩ የፖሊሶች ስለ ሆነ ሕግ አክባሪውን ነዋሪና ሰፈሩን ለማቅናት የሚደክሙትን አያነሣም የሚል ማስታወቂያ ጻፉ። ነገር ግን ጽሑፉ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ይጠፋል፤ ሥዕሉ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይናገራል።

ተመልካች ያላየው ምን ነበር? ከ1970 እስከ 1980 ዓ.ም. የብሮንክስ ሕዝብ ከ1,471,701 ወደ 1,168,972 ወረደ፤ ከሦስት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ለቀቀ ማለት ነው። ታላቅ የመኪና መንገድ ሰፈሮችን ሰንጥቆ አለፈ፤ ባንኮች ለዚያ አገር ቤቶች ገንዘብ ማበደር ተዉ፤ ከቤት ባለቤቶችም የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመቀበል ሲሉ የገዛ ቤታቸውን ያስቃጠሉ ነበሩ። ቃጠሎው በበዛበት ዘመንም ከተማው አንዳንድ የእሳት አጥፊ ጣቢያዎችን ዘጋ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 ዓ.ም. መጥተው ፍርስራሹን አዩ። በሌላ ወገን ደግሞ በ1974 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ብሮንክስ ካህናትና ነዋሪዎች ተባብረው ሰፈራቸው እንዳይጠፋ ማኅበር መሠረቱ፤ ካርተር በቆሙበት በሻርሎት መንገድም በ1980ዎቹ ዓመታት የአትክልት ቦታ ያላቸው አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ። ሥዕሉ በተነሣበት ጊዜ በ41ኛው ጣቢያ ዙሪያ ቤቱ ተቃጥሎ ሰዉ ከማለቁ የተነሣ፤ ፖሊሶቹ ምሽግ ማለታቸውን ትተው በሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ቤት ይሉት ጀምረው ነበር።

«ያልተነካ ግልግል ያውቃል» እንደ ተባለ፤ በሩቅ ከተማ ተቀምጦ ሥዕሉን ላየ ሰው ክርክሩ ስለ ጥበብ ብቻ ሊመስለው ይችላል። በሰፈሩ ለሚኖረው ግን የሥራና የቤት ነገር ነው፤ አድራሻው ሲሰማ እንደ ወንጀለኛ የሚታይ ሰው ሥራም ቤትም በቀላሉ አያገኝምና።

ሲኒማው መርፊን የመሰከረው ያየውን በመናገሩ ነው። የሰፈሩ ሰዎችም ከሲኒማው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ማልዶ ወደ ሥራ የሚሄደውን፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን፤ የተቃጠለ ቤት የሚጠግነውን አይታችሁ ለምን ዝም አላችሁ አሉ። እንግዲህ የመርፊን ኅሊና ያደነቀ ተመልካች የእነዚህን አቤቱታ ለመናቅ አይችልም፤ የአቤቱታቸው መሠረት እርሱ ያደነቀው ፍርድ ነውና። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል አይቶ የሚወጣ አስተዋይ ሰው የታዩት እነማን እንደ ሆኑ ከጠየቀ በኋላ፤ ያልታዩት እነማን እንደ ሆኑ ደግሞ ይጠይቅ፤ ፍርዱንም ሁለቱን ከሰማ በኋላ ይስጥ።