ኤደልቫይስ የማን ናት? መዝሙራችንስ?



«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ያየ ሰው «ኤደልቫይስ» የተባለችውን ዘፈን አይረሳትም። ካፒቴን ቮን ትራፕ ጊታሩን ይዞ ስለ አንዲት ነጭ የተራራ አበባ ያንጎራጉራል… ብዙ ሰው የኦስትሪያ ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ ትመስለዋለች። ብሔራዊ መዝሙራቸው ናት የሚልም አይጠፋም። አይደለችም! የተሠራችው አሜሪካ ውስጥ፣ በ1959 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩ በዘፈን የታጀበ ቴአትር ነበር። ኒውዮርክ ከመግባቱ በፊት ቦስተን ላይ ለሙከራ ሲታይ፣ ካፒቴኑ አገሩን የሚሰናበትበት ዘፈን አስፈለገ። ሪቻርድ ሮጀርስ ዜማውን፣ ኦስካር ሀመርስታይን ግጥሙን ሠሩ። ሀመርስታይን ያን ጊዜ የጨጓራ ካንሰር ይዞታል። ከጻፋቸው ግጥሞች የመጨረሻው ይኸው ሆነና በቀጣዩ ዓመት አረፈ። ፊልሙ የወጣው በ1965 ስለሆነ ዓለም ዘፈኑን ሲወድለት አላየም። ግን ስሙ ቀረ፤ ዛሬም ዘፈኑ በታተመበት ሁሉ አብሮ ይጻፋል።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ለሚ ኩራ፣ አያት ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ግቢ የልጆቹ መዝሙር እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማናል። እነ ኤደልቫይስን ስናወራ የጎረቤት ልጆችን «እናንተ በየቀኑ የምትዘምሩትን ማን ደረሰው?» አልናቸው። ግጥሙን አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ወረዱት። ደራሲውን ግን… ዝም! እናትና አባቶቻቸውም ዝም!

እንግዲህ እንንገራችሁ። በ1992 የጸደቀው መዝሙራችን ዜማው የሰለሞን ሉሉ ምትኩ፣ ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ ነው። በደርግ ዘመን የነበረው ደግሞ ዜማው የዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ፣ ግጥሙ የአሰፋ ገብረማርያም ተሰማ ነበር። የንጉሡን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ የሙዚቃ መሪያቸው እሱ ነበር። አገሩን ያጣ ሰው ለእኛ አገር መዝሙር ሠራልን! ይህን ታሪክ የማያውቅ ልጅ ምን ያህል እንደቀረበት አስቡት።

በ2004 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አንድ ደራሲ የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ልማዱ ነው። እኛ ዘፈን ሲጥመን «የሕዝብ ነው» እንላለን። ቃሉ ምስጋና ይመስላል፤ ሥራው ግን ስም መፋቅ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን አንድ ልመና አለን። ቢያንስ በሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት፣ «ዜማ ሰለሞን ሉሉ፣ ግጥም ደረጀ መላኩ» በሉልን። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።