ክረምት በሰላ ድንጋይና ክረምት በቴሌቪዥን

ሰላ ድንጋይን ለማየት ያሰበ ሰው በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢሄድ ይሻለዋል። ያን ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ፥ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፥ አገሩ ለዓይን ደስ ያሰኛል። እኔ ግን የሄድሁት በነሐሴ ነው። ምክንያቱን ለአንባቢ ላስረዳ።

የማስተምረው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው፥ ለሦስትና ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተው፥ ስንቃቸውን ከቤታቸው እያመላለሱ የሚማሩ ናቸው። መስከረም ላይ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍሁ» የሚል ድርሰት አዘዝኋቸው። ከመጡልኝ ወረቀቶች ሰባቱ በሐይቅ ዳር ስለ ተተከለ ድንኳን፥ ስለ ጀልባ ቀዘፋና ማታ በእሳት ዙሪያ ስለሚዘፈን ዘፈን የሚያወሩ ነበሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው። በመንደሩ ሐይቅ የለም፤ ጀልባም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለ በግ የጻፈ ግን ከክፍሉ ሁሉ አንድም አልተገኘም። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጡት ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም፤ ከቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ የዚያን ልጅ ቤተ ሰብ አስፈቅጄ እንግዳቸው ሆንሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ተጉዞ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሞጃና ወደራ አገር ይጀምራል፤ ሰላ ድንጋይ የወረዳው ዋና ከተማ ናት። ደብረ ብርሃን ራሷ በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ጉሙ ግን አስደነቀኝ። ጧት ከቤት ስወጣ የራሴን እግር እንጂ አጥሩን ማየት አልቻልሁም። ጭቃውንስ አለማንሣቱ ይሻላል፤ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀርቶብኛል።

ይህ አገር ለካምፕ ኑሮ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመናቸውን በድንኳን ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ኖረው በመጨረሻ በደብረ ብርሃን ረጉ። «ከተማ» የሚለው ቃልም ቢሆን ቀድሞ ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ከነጭፍራቸው የከተቱበት ሰፈር ማለት ነበር። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የተቀመጡት በሰላ ድንጋይ ነው፤ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊም በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ተነሥቶ በዚህ ሲያልፍ አግኝቷቸዋል። በድንኳን መኖር፥ እሳት ዙሪያ ማደር፥ ስንቅ መሸከም ለዚህ ሕዝብ የቆየ ነገር ነው።

በከተማይቱ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንደኛው፥ መብራት ባለ ጊዜ፥ ቴሌቪዥን ይከፈታል። ሻይ ያላዘዘ አይቀመጥምና ልጆቹ በር ላይ ተደራርበው ይመለከታሉ። የውጭ አገር ፊልም ከሆነ ቋንቋው ባይገባቸውም ሥዕሉ ይገባቸዋል። የአሜሪካ ተማሪ ቤቶች የሚዘጉት እንደኛው ከሰኔ በኋላ ስለ ሆነ፥ እነሱ የፀሐይ ወራት የሚሉትን እኛ «የክረምት ካምፕ» እያልን እንተረጉመዋለን። ወሩ ገጠመ፤ ሰማዩ ግን አልገጠመም። እዚያ ያለው ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ወደ ውሃ ሲዘል፥ የኛው ከበሩ ላይ ሆኖ ባናውን ይበልጥ ይከናነባል።

ፊልሙስ ለራሱ አገር እውነት ነውን? በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው «ፓረንት ትራፕ» በተለያየ አገር ያደጉ መንትዮች ካምፕ ውስጥ ይገናኛሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» ደግሞ ወጣቶቹ በካምፑ ሐይቅ ዳር አንድ በአንድ ይገደላሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታየው «ካምፕ ሮክ» ከጧት እስከ ማታ ዘፈን ነው፤ የተቀረጸውም በካናዳ፥ በ2007 እ.ኤ.አ. የመስከረምና የጥቅምት ብርድ ሲገባ፥ እውነተኞቹ የካምፕ ልጆች ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ነበር። እንግዲህ በአንዱ ሁሉም ይዘፍናል፤ በሌላው ሁሉም ይሞታል። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ ግን በአንዱም አይታይም። እኔ አሜሪካን አላየሁም፤ ቢሆንም እዚያም ዝናብ እንደሚዘንብ፥ ሕፃንም በሦስተኛው ሌሊት እናቱን እንደሚናፍቅ ለማመን መሄድ አያስፈልገኝም።

የካምፑን ልማድ በአሜሪካ ከጀመሩት አንዱ ፍሬድሪክ ገን የሚባል የኮኔቲከት አስተማሪ ነው። በ1861 እ.ኤ.አ. የእርስ በርስ ጦርነታቸው በተነሣበት ዓመት፥ ልጆቹ እንደ ወታደር በድንኳን ማደር ስላማራቸው፥ በእግር እስከ ባሕር ዳር አስጉዞ ለሁለት ሳምንት አሰፈራቸው። በእግር መሄድ፥ ዓሣ ማጥመድ፥ በድንኳን ማደር፤ ነገሩ ይኸው ነበር። የሰላ ድንጋይ እረኞች ይህን አስተማሪ ቢያገኙት ኖሮ በደንብ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ተማሪዬ በማግስቱ ወደ መስኩ ይዞኝ ወጣ። ገሳ አልብሶኝ ነበር፤ ከሣር የተሠራው ይህ ልብስ ከከተማ ይዤው ከመጣሁት የዝናብ ካፖርት ይበልጣል። በነሐሴ ገብሱ ገና ለጋ ስለ ሆነ አንድ በግ ወደ ማሳ ቢገባ ጠብና ካሣ ያመጣል። ስለዚህ እረኞቹ በጎቻቸውን አንድ ላይ ያደርጉና በተራ ይጠብቃሉ። ተራ ያልደረሰው መሬት ቆፍሮ ገበጣ ይጫወታል፤ ጠጠር ካጣ የበግ በጠጥ አለ። ታላቁ ልጅ አለቃ ነው፤ ተራውን ያጓደለውን የሚቀጣ፥ ቆሎውን የሚያካፍል እሱ ነው። እሳት የሚመጣው ከቤት ነው፤ የተለኮሰ ኩበት በሸክላ ስባሪ ይዘው ከገሳቸው ሥር ሸሽገው ያመጡታል፤ እፍ ሲሉት ይነሣል። ጉሙ ሲወርድ በጎቹን በዓይን መቁጠር ስለማይቻል በድምፅ ይለዩአቸዋል። እኔ ሁሉም አንድ ድምፅ መሰለኝ፤ ተማሪዬ ግን «ያቺ የጎረቤታችን ናት፤ ጠቦቷ ጠፍቶባታል» አለኝ፤ ደግሞም ልክ ነበር።

በረዶ ሲጥል ግልገሎቹን ከገሳቸው ሥር ወሽቀው ጀርባቸውን ሰጡት። እኔም እንደነሱ አደረግሁ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍህም?» አልሁት።

«ጋሼ፥ እረኝነት ምኑ ይጻፋል? የከተማዎቹ ልጆች ይስቁብኛል።»

ይህ መልስ ከበረዶው ይልቅ አሳመመኝ። ልጁ ውሸታም አይደለም፤ ክረምት ተብሎ ለሰው የሚነገረው የታየው እንጂ የተኖረው እንዳልሆነ ከቴሌቪዥኑ ተምሯል።

ሆኖም ከከተማ የመጣ ሰው የባላገሩን ኑሮ ሲያሞግስ ጥንቃቄ ይገባዋል። ማታ እራት ላይ ስለ መስኩ ስንጫወት የተማሪዬ እኅት፥ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት፥ «እኔማ መቼ ወጣሁና» አለች። የእሷ ክረምት ጭስ፥ እርጥብ ማገዶና የውሃ እንስራ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሴቶቹ ልጆች የራሳቸው ድንኳን አላቸው፤ እሷ ይህን አስተውላለች፤ እኔ አላስተዋልሁትም ነበር።

የራሳችን ቴሌቪዥንስ? በቡሄ ዕለት ልጆች ነጭ ልብስ ለብሰው፥ በደመቀ መብራት፥ ጥልፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ሲጨፍሩ ያሳያል። በሰላ ድንጋይ ነሐሴ 12 ማታ ያየኋቸው ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ቀኑን በጅራፍ ሲጋረፉ ውለው ክንዳቸው ሰንበር አውጥቷል። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያገኙትን ሙልሙል በአንድ አቁማዳ ከተው፥ አለቃቸው ፊት ዘርግተው በቁጥር ተካፈሉ፤ ጎዶሎ ስለ ነበረ የመጨረሻው ለአራት ተቆረሰ። ችቦውም እርጥብ እንጨት ስለ ነበረ ከመንደድ ይልቅ ጨሰ። ቢሆንም እንዲህ ያለ ሳቅ በቴሌቪዥን ሰምቼ አላውቅም።

ከልጆቹ መካከል አንዱ፥ 9 ዓመት ያህል የሚሆነው፥ ሙልሙሉን ሳይበላ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ለጎረቤት በእረኝነት ተቀጥሮ ከቆላ የመጣ ነው፤ ደመወዙም በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ጠቦትና አንድ ሙሉ ልብስ ነው። በአሜሪካ ልጁን ካምፕ የሚያሳድር ወላጅ ገንዘብ ይከፍላል፤ እዚህ ግን አዳሪው ልጅ ነው ለወላጆቹ የሚያስገባው። ሙልሙሉ ለማን እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ «ለእናቴ» አለ። እናቱ ዘንድ የሚሄደው ግን በጥር ነው።

የቤቱ እመቤት ሰምተው ነበርና፥ «መምህር፥ አንቱ ደግሞ ሆዱን አታባቡት» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው፥ «የተማሪ ቤቱ ምዝገባ መቼ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በመስከረም መጀመሪያ መሆኑን ነገርኋቸው። «እንግዲህ ከቀጠሩት ሰዎች ጋር ተነጋግሬ ለአባቱ አስልክበታለሁ፤ በጎቹን የኔዎቹ በተራ ያዩለታል» አሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ምንም አልተናገረም፤ ጅራፉን አንሥቶ ወደ ሌሎቹ ሄደ።