«ቀረች» የሚለው ቃል

ተማሪዎች ሆይ፣ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ አስተርጓሚ ያልተባለውን እንደ ተባለ አድርጎ ቢያስተላልፍ ምን እንደሚከተል አስባችሁ ታውቃላችሁን? በወላይታ ዞን በሻንቶ ከተማ መምህር ሳለሁ ይህ ነገር በእኔ ላይ ደርሷል፤ አስተርጓሚው ግን ሰው አልነበረም።

የተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሲ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ጽፌ ነበር። መምህራን ውጤት የሚያሰሉበት ቀመር ስለሚለያይ፣ ቀመራቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ በማለት በፕሮግራሜ ውስጥ የሉዋን አስተርጓሚ አስገባሁ። ሉዋ በ1993 እ.ኤ.አ. በብራዚል የተፈጠረ ትንሽ ቋንቋ ነው፤ ስሙም በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው አስተርጓሚ እንደ እንግዳ ነው፤ የቤቱን ጓዳ አያውቅም። ውጤት ለመመዝገብ እንኳ በሲ የጻፍሁትን ፋንክሽን በስም ላስተዋውቀው ይገባ ነበር። (ስሙን በፊደላችን ብጽፈው ሉዋ እምቢ አለኝ፤ በላቲን ፊደል ለሚጻፈው ለወላይታ ቋንቋ ግን ይህ ችግር አልሆነም።) ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በአንድ ቁልል ላይ ነው፤ ሉዋ የሚልከውን በቁልሉ ላይ ይደረድራል፣ የእኔ ፋንክሽን ያነሣል፣ መልስ ካለውም እዚያው አስቀምጦ ስንት መልስ እንደ ተወ ይናገራል።

አንዲት ተማሪ እናቷ ታመውባት ፈተና አመለጣት። መምህሯም በውጤቷ ቦታ «ቀረች» ብሎ ጻፈ። ካርዱ ሲወጣ ግን 0 ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ካርዷን ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ አልተፈተንሁም እንጂ አልወደቅሁም» አለችኝ።

በመጀመሪያ የወቀስሁት ቀመሩን የጻፈውን መምህር ነው፤ በዚህም እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ማታ ፋንክሽኔን ሳነብ ጥፋቱን አገኘሁት። ሉዋ ቃልን ከቁጥር ለይቶ ያውቃል። እኔ ግን ከቁልሉ ላይ ቁጥር የማነሣው «ቱናምበር» በተባለው መሣሪያ ነበር፤ እርሱም ወደ ቁጥር ሊለወጥ የማይችል ቃል ሲያገኝ ሳይጮኽ ዜሮ ብሎ ያልፋል። በእርሱ ፋንታ «ቼክናምበር» የተባለውን ተካሁ፤ ይህኛው ቁጥር ካላገኘ ሥራውን አቁሞ ስሕተቱን ያስታውቃል። ስሕተቱ ፕሮግራሙን በሙሉ እንዳይጥለውም ቀመሩን በጥበቃ ጥሪ አስኬድሁት። ከ0 የሚያንሰውንና ከ100 የሚበልጠውንም ፋንክሽኑ እንዳይቀበል ከለከልሁ።

በነጋታው ቀመሩ በዚያች ተማሪ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቁጥር እንደሚፈልግና ቃል እንደ ደረሰው ተናገረ። ልጅቱ በሚቀጥለው ሐሙስ ተፈተነች፤ ካርዷም እንደ ገና ተጻፈላት።