የጠዋት ተቅማጥን በዝምታ አንለፈው



ስለ ጉንፋን ወይም ስለ ራስ ምታት ከጎረቤት ጋር መጨዋወት የማይከብደን ሰዎች፣ ነገሩ ስለ ሆዳችን ሲሆን አንደበታችን ይታሰራል። በተለይም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ረፋድ ላይ ደብዛው የሚጠፋ ተቅማጥ ያለበት ሰው «የኔ ሆድ ተፈጥሮው ነው» እያለ ዓመታትን ያሳልፋል። እኛ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው በዋሂል በመምህርነት ስናገለግል፣ ይህንን በተማሪዎቻችንም፣ በሥራ ባልደረቦቻችንም፣ በራሳችንም ላይ አይተነዋል። በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረን ያደግን በመሆናችን፣ ከሁለቱም ወገን ያገኘነውን አጣምረን ብናቀርብ ለቤተሰብ ይጠቅማል ብለን ብዕር አንስተናል።

ለመሆኑ ለምን ጠዋት? ሌሊት ስንተኛ ትልቁ አንጀታችንም አብሮን ያርፋል። ስንነቃ እሱም መንቀሳቀስ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጉርሻ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንጀት ለሚመጣው ምግብ ቦታ ለማዘጋጀት ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ ጠዋት ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ በራሱ የጤንነት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ችግር የሚሆነው ቀጭን ሆኖ በተከታታይ 3 እና 4 ጊዜ ሲያስሮጥና ይህም በየዕለቱ ሲደጋገም ነው።

ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሰው በምርመራ ቁስልም ሆነ ተውሳክ አይገኝበትም፤ ሆኖም አንጀቱ ቁጡ ነው። ጭንቀት ያባብስበታል። የፈተና ሳምንት ሲደርስ ከተማሪዎቻችን መካከል ጠዋት የሚታመሙት የሚበዙት ለዚህ ነው፤ አስመሳይ ናቸው ብሎ መቆጣት ደግሞ ጭንቀቱን ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡናም አንጀትን በደቂቃዎች ውስጥ ያነቃቃል። ሌላው ወተት ነው። ብዙ ሰዎች ካደጉ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅማቸው ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ሰው በአካባቢያችን እንደተለመደው ማለዳ በወተት የተፈላ ሻይ ወይም ሆጃ ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ይለቃል። እርጎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይስማማዋል፤ ሲረጋ የወተቱ ስኳር ይቀንሳልና። ማታ ያልታጠበ የጫት ቅጠል ሲያኝክ ያመሸ ሰውም ተውሳኩን በገዛ እጁ ወደ ሆዱ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይህንን ልብ ይበል።

በእኛ አካባቢ በቀላሉ የማይታለፈው ግን ከውኃና ከእጅ ንጽሕና ጉድለት የሚመጣው ጃርዲያ የተባለው ተውሳክ ነው። አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረን፤ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ክፍል ገብቶ አያውቅም ነበር። ስሙ ላይ «ቀሪ» የሚለው ምልክት ሲበዛ አባቱን ጠርተን አነጋገርን። «ወላሂ መምህር፣ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሱብሒ ሰግዶ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ሆዱ አያስቀምጠውም። መንገድ ላይ ይዞኝ በጓደኞቼ ፊት እዋረዳለሁ ብሎ ይፈራል» አሉን። አሜባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ያለ ምርመራ ክኒን ተገዝቶለት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ትንሽ ሲሻለው በሁለተኛው ቀን አቁሞታል። «እስኪ ይህን ልጅ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና ሰገራው ይታይ» አልናቸው። በመጀመሪያው ምርመራ ምንም አልተገኘም። ከቀናት በኋላ በተደገመው ግን ጃርዲያው ታየ። ልጁ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጠ። ዛሬ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ከፊት ወንበር ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተውሳኩ በእያንዳንዱ ሰገራ ላይ አይወጣምና አንድ ጊዜ «ነፃ ነህ» መባል በቂ አይደለም፤ በተለያዩ ቀናት እስከ 3 ጊዜ መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሆድ በተነካ ቁጥር አሜባ ነው እያሉ ክኒን መግዛትም፣ የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥም በሽታውን ከመደበቅ አያልፍም። ሦስተኛ፣ ጃርዲያው ከለቀቀ በኋላም አንጀት እስኪያገግም ለጥቂት ሳምንታት ወተት ላይስማማ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጠዋት ጠዋት የሚቸገር ሰው አንድ ደብተር ይዞ ለሁለት ሳምንት ማታ የበላውን፣ ጠዋት የጠጣውን፣ ስንት ጊዜ እንደወጣና ምን እንዳስጨነቀው ይጻፍ። ከዚያም ወተቱን ለአንድ ሳምንት ይተውና ይየው፤ ቀጥሎ ደግሞ በባዶ ሆድ የሚጠጣውን ቡና። ሁሉንም በአንድ ቀን ከተወ ግን የትኛው እንደጎዳው ሊለይ አይችልም። ያንን ደብተር ለሐኪም ቢያሳይ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ ያቃልላል።

ውኃን በሚመለከት፣ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርሞች ስለሚገድል ልንተወው አይገባም። ጃርዲያ ግን ክሎሪንን ይቋቋማል፤ አስተማማኙ ውኃውን ለ1 ደቂቃ ያህል ማንተክተክ ነው። ማገዶ በሚቸግርበት ቤት ቢያንስ ለሕፃናትና ለታማሚ የሚጠጣው ይፈላ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ወደ ዕቃ እንዳያስገባ፣ ማታ ማታም ዕቃዎቻችንን እንድንከድን አስተምረውናል። ሌሊት ክፍቱን ያደረ በርሚል ውስጥ ማለዳ ባልታጠበ እጅ ጣሳ የምንነክር ከሆነ፣ ሱናውንም ጤናውንም አጥተናል ማለት ነው። ውኃ በሚወረድበት ቦታ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትንም ከልክለዋል።

በሱብሒ ሶላት የሚጨነቁ ወንድሞችና እኅቶችም አሉ። ሆዱ የያዘው ሰው ሶላቱን እየታገለ ከሚሰግድ ቀድሞ ይጸዳዳ፤ ጀመዓው ቢያመልጠው ምክንያት አለው። መውጣቱን ሳያረጋግጥ «ወጥቶብኝ ይሆን?» እያለ ውዱኡን ደጋግሞ የሚያድስም ጥርጣሬውን ይተው፤ በጥርጣሬ ውዱእ አይፈርስም። ፈጽሞ የማያቋርጥበት ሰው ደግሞ የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ እያደረገ ይሰግዳል። ዝርዝሩን በአቅራቢያው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች ግን አሉ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሰውነት እየከሳ ከሄደ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። በድንገት እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥና ትውከት ከሆነም ያው አተት ሊሆን ስለሚችል ሰዓትም አይታደርለትም። እየሄዱ ኦ.አር.ኤስ. ማጠጣት ይገባል። እሱ ከሌለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ እየተደረገ በጥብጦ መስጠት ይቻላል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ጠዋት ትምህርት ቤት ለመሄድ ሲያመነታ ከመቆጣታችሁ በፊት ሆዱን ጠይቁት። ሴት ልጅ ከሆነች እናቷ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ ከወንድሞቿ ይልቅ ዝም የምትለው እርሷ ናትና። እኛ መምህራንም ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅን ተማሪ በክፍል ፊት ለምን ብለን አንመርምረው። በሽታን ሁሉ መድኃኒት ጋር ያወረደው አላህ ጤናችንንና የልጆቻችንን ጤና ይጠብቅልን፤ አሚን።