ከድሬዳዋ እስከ ሐረር በእግር፦ አራት ሰውና አንድ ውሻ

ድሬዳዋና ሐረር በመኪና መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በሚኒባስ የሄደ ሰው ቁርሱን ከዚራ በልቶ ረፋዱ ላይ ሐረር ቡናውን ይጠጣል። እኛ አራት ዕጩ መምህራን ግን በሚያዝያው ዕረፍት ለዚችው መንገድ ሦስት ቀን ፈጀንባት። «ምን ስታደርጉ ሰነበታችሁ?» ላሉን ሁሉ መልሳችን አጭር ነው፤ ከውሻ ጋር ነበርን።

ውሻው መቻል ይባላል፤ ማደሪያው ከግቢያችን ጥበቃዎች ዘንድ ነው። ከመነሣታችን አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስወጋነው። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ለያንዳንዳችን አራት ሊትር ውኃና ለመቻል የራሱን ሳህን ይዘን በማለዳ ተነሣን።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ደንገጎ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን ትቶ ድሬዳዋን የቆረቆረው ይህ ዳገት አላስወጣ ብሎት ነው። ባቡር የፈራውን በእግር ልንወጣው ነበር ማለት ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መቻል ከአንድ ግራር ሥር ተዘረጋና አልነሣም አለ። ምላሱ ወጥቷል፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። ክርክር ተነሣ። አንዱ «ውኃ ሰጥተን እንጎትተው» አለ። ሌላው «አቦ! ለአንድ እረኛ ሰጥተነው እንሂድ እንጂ፣ በውሻ ምክንያት ልንቀር ነው እንዴ?» አለ። ሦስተኛው የሥነ ሕይወት ተማሪያችን ነውና አስረዳን። ውሻ እንደ ሰው መላ አካሉን አያልበውም፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ከዚያም ወደ መንገዱ ወስዶ የእጃችንን ጀርባ አስፋልቱ ላይ እንድናሳርፍ አደረገን። አምስት እንኳ ሳንቆጥር እጃችንን አነሣን። መቻል በዚያ ላይ በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው።

እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጥላው ሥር ለመቆየት ወሰንን። በዚህን ጊዜ እስካሁን ዝም ያለው አራተኛው ጓደኛችን ቀስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሁለቱም ተረከዙ ተልጦ ደም ይዟል። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ላስቆማችሁ አፍሬ ነው» አለን። እንግዲህ ውሻው ባይተኛ ኖሮ ይህ ልጅ እስከ መቼ ሊሄድ ነበር?

ሲመሽ ለጥ ያለ የደረቅ ወንዝ አሸዋ ለድንኳን የተመቸ መስሎ ታየን። ነገር ግን የድሬዳዋ ሰው ደቻቱን ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ በከተማችን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ወደ ላይ ወጣ ብለን ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር አስፈቅደን ሰፈርን። ሽማግሌው ውኃ አመጡልንና «ውሻችሁ የራሱ ዕቃ አለው?» ሲሉ ጠየቁን። «አለው፣ አባታችን» ብለን ሳህኑን አሳየናቸው። በሻፊዒ ሥርዓት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ሳህኑን ያየን ጊዜ ፊታቸው ፈካ፤ ለመቻል ውኃውን በገዛ እጃቸው ቀዱለት።

በማግሥቱ አንድ ደንብ አወጣን፤ ተረከዙ የተላጠው ጓደኛችንና መቻል ከፊት ይመራሉ፣ ሌላው ይከተላል። በዚህ ዓይነት ደንገጎን ወጥተን፣ አዴሌን አልፈን፣ ደርቆ ኋላ ውኃ ከተመለሰለት ከሐሮማያ ሐይቅ አቅራቢያ አደርን። ሌሊት ጅቦች ሲጮኹ መቻል መካከላችን ገብቶ ተኛ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ የድንኳኑን በር አጥብቀን አሰርን። በሦስተኛው ቀን በአወዳይ በኩል ሐረር ገባን፤ ጅብ በምታበላ ከተማ ውሻ ይዞ ማምሸት አያዋጣምና ሳይመሽ በጭነት መኪና ተመለስን።

ጓዶች ሆይ፣ ነገ የምንቆመው ምናልባት ሃምሳና ስድሳ ልጅ ፊት ነው። «አልገባኝም» የሚል ልጅ ይገኛል፤ የሚያሳስበው ግን አፍሮ ዝም ብሎ የሚከተለው ነው። እጁን እስኪያነሣ ብንጠብቅ ላያነሣ ይችላል። እኛ ሄደን ማየት፣ አስፋልቱንም በእጃችን መዳሰስ አለብን። ለመጪው ዕረፍት ደንገጎን በእግር መውጣት የሚሻ ክፍል ካለ ድንኳኑን እናውሳለን። ሰልፉን ግን ቀርፋፋው ይምራ።