ሃምሳ ሎሚ በሚኒሶታ

ጥምቀት የሚውለው ሚኒሶታ ላይ ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። በጃንዋሪ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ከዜሮ በታች 35 ዲግሪን ያለፈበትም ጊዜ ነበር። አገር ቤት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውርበት በዓል እዚህ በካፖርትና በጓንት ይከበራል። ሎሚ ግን በቤቶቻችን አለ። በሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቆችም ሆነ በፍሮግታውን አሮጌ ቤቶች፣ ፀሐይ በሚገባበት በደቡቡ መስኮት ሥር፣ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው ጎን ተተክሎ ይታያል።

* * *

ጤና አዳምና ሎሚ በዕፅዋት ሳይንስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሚኒሶታ ጫካም እሾሃም ዘመድ አላቸው፤ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ሎሚ ሎሚ የሚሸት የዱር ቁጥቋጦ ነው። ያ ዘመዳቸው በረዶውን ችሎ ያድራል፤ ሎሚ አይችልም።

* * *

አንዲት እናት ከሱቅ የገዟትን ትንሽዬ አረንጓዴ ሎሚ ለዶሮ ማጠቢያ ሲጨምቁ ፍሬዎቿን ለቅመው በእርጎ ዕቃ ዘሩ። ከአንዷ ፍሬ ሁለት ቡቃያ ወጣ። ሎሚ እንዲህ ያደርጋል፤ ከአንድ ፍሬ ውስጥ ከእናት ዛፉ ቁርጥ የሆኑ ሁለት ሦስት ቡቃያዎች ሊነሱ ይችላሉ። እኚህ እናት «አንዷ የሰው ናት» ብለው ለብቻ ተከሏት። አራስ ለመጠየቅ ሲሄዱ ገንፎውን በአንድ እጅ፣ ችግኟን በሌላው እጅ ይዘው አይቻቸዋለሁ። እንደዚያ ያለ ስጦታ የትኛውም መደብር አይሸጥም።

እውነቱ ግን መነገር አለበት። ከፍሬ የበቀለ ሎሚ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ብርሃን ካጠረውም ጭራሽ ላያፈራ ይችላል። ቶሎ ፍሬ እንዲያይ የምንፈልገው ሰው ከሆነ ከጎለመሰ ዛፍ ቅርንጫፍ የተባዛ ሜየር ሎሚ ገዝተን ብንሰጠው ይሻላል። ሜየር ስሙን ያገኘው ከፍራንክ ሜየር ነው፤ ለአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ዕፅዋት ይሰበስብ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ከቻይና ያመጣው ዝርያ ነው። ልጣጩ ስስ፣ ጭማቂው ለዘብ ያለ ነው። ለዶሮ ማጠቢያ የእኛዋ ኮምጣጣ ትሻላለች፤ ለሻይ ግን ሜየርን የሚያህል የለም።

* * *

እዚህ አገር ሎሚን ከብርዱ ይበልጥ የሚገድለው ፍቅር ነው። ስጦታ ስለሆነ ሁሉም ያጠጣዋል፤ ጠዋት እናት፣ ከሰዓት ልጅ፣ ማታ አባት። ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። አፈሩን በጣት ወጋ አድርጎ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት ይበቃል።

ቅጠል መርገፍ ሌላ ነገር ነው። በጃንዋሪ ቅጠሉ በመስታወት በኩል ፀሐይ ይመታዋል፤ ሥሩ ደግሞ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ነው። ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች የሎሚ ሥር ሥራውን ያቆማል። ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፣ ሥሩ አያቀብልም፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ያኔ ብዙ ሰው ዛፉ ጠማው ብሎ ውሃ ይጨምራል፤ ይባስ ብሎ ይጎዳዋል። ማሰሮውን ከወለሉ ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው። መብራትም ይጨመርለት፤ በዲሴምበር መጨረሻ የዚህ ከተማ ቀን ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ሰሞን ቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይበልጣል።

ቅጠሉ ሲነኩት በጣት ላይ ከተጣበቀ ተቀባዩ ገልብጦ ይየው። በመሃል ጅማቱ ላይ የተለጠፈች ቡናማ ቅርፊት የመሰለች ነገር ተባይ ናት። አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ትጠረጋለች። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ይድናል።

* * *

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ከትውልድ አገሩ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ይህን ያህል የሚስማማ ተረት አላውቅም። ችግኝ የሰጠ ሰው የሰጠውን ይጠይቃል፤ የተቀበለም ይደውላል። በክረምት ቤቱን ዘግቶ የሚከርም ሰው «ሎሚዋ እንዴት ናት?» በሚል ሰበብ ይጎበኛል። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ካለ ችግኙ መጀመሪያ የሚገባው ለእሱ ነው።

* * *

የሎሚ ችግኝ ከአገር ቤት በሻንጣ አይገባም፤ ሕጉ ይከለክላል። በርበሬው ይመጣል፣ ችግኙ ይቀራል። ከዚህ ወጥቶም እንደልቡ አይሄድም። ብርዱ የመረረው ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዳላስ ሲነሳ ሎሚውን ይዞ ቴክሳስ መግባት አይችልም። ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያም እንደዚያው ናቸው፤ ጥቃቅን ተባይ የሚያዛምተውና የብርቱካንና የሎሚ እርሻ የሚያወድም በሽታ ስላለ ነው። ክልከላው ትክክል ነው፤ በሽታው ለያዘው ዛፍ መዳኛ የለውም። እናም ሎሚው እዚሁ ለጎረቤት ይተላለፋል። ሰጪው ሄዶ፣ ተቀባዩም ሄዶ፣ በሦስተኛ ሰው መስኮት ሥር የሚያድግ ሎሚ አውቃለሁ።

* * *

በማሰሮው ላይ የሚንጠለጠለው የመደብር ካርድ እንግሊዝኛ ነው፤ ለአብዛኞቹ እናቶቻችን አይጠቅምም። የሚሰጥ ሰው በአማርኛ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብሎ ጽፎ ይለጥፍበት። እስከ ሜይ አጋማሽ ከቤት አይውጣ። ሲወጣም የመጀመሪያውን ሳምንት ጥላ ሥር ይቀመጥ። በሴፕቴምበር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይግባ። ቤት ውስጥ ሲያብብ ንብ ስለሌለ አበባዎቹን በለስላሳ ብሩሽ ነካ ነካ ያድርጉለት። ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ቅጠሉ ቢረግፍ አይጣል፤ ግንዱን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ከሥር ደግሞ የሰጪው ስልክ ቁጥር።